«ሰው አይጠፋም» የጉዞ ዕቅድ አይደለም

በአካባቢያችን ከተለመዱት የማጽናኛ ቃላት አንዱ «ሰው አይጠፋም» የሚለው ነው። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፣ ወይም ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ ሊጓዝ አስቦ ስለ አውቶቡሱ ደረጃ፣ ስለ ሆቴሉ በር ስፋትና ስለ መጸዳጃ ቤቱ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ይኸው ነው። መልሱ ከደግነት እንደሚመነጭ አልክድም። ነገር ግን ይህ ደግነት ዕቅድ ላለማውጣት ሰበብ ሆኗል፤ ሙግቴም ከሰበቡ ጋር ነው።

ነገሩን በዝርዝር እንመልከተው። ተሸክሞ የሚያሳፍር ሰው ጠዋት በመናኸሪያው ይገኝ ይሆናል። ማታ ሲደርሱ ተሸክሞ የሚያወርደው ግን ሌላ ሰው ነው፤ እርሱ ስለ መኖሩ ማንም ዋስ አይሆንም። ተሸካሚው አያያዙን ስለማያውቅ ተጓዡንም የራሱንም ወገብ ሊጎዳ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ መጸዳጃ ቤት ለመግባት እንኳ የማያውቁትን ሰው ትከሻ መለመን ግድ የሚሆንበት፣ ስለዚህም ውኃ ሳይጠጡ ውሎ መግባትን የሚያስመርጥ ጉዞ ነው። እንዲህ ያለውን መንገድ ጉዞ ብሎ መጥራት ይከብዳል።

በትርጉም ሥራ የምተዳደር እንደ መሆኔ የአስጎብኚዎችና የሆቴሎች መግለጫዎች በእጄ ያልፋሉ። «ለአካል ጉዳተኞች ምቹ» የሚል ሐረግ ባገኘሁ ቁጥር ደንበኛዬን «ምቹ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ብዙውን ጊዜ «ልጆቹ ያግዛሉ» የሚል ነው። በሁለት ቋንቋዎች መካከል ስመላለስ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ቅጽል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር መልኩን እንደሚለውጥ፣ ቁጥር ግን ባለበት እንደሚጸና ነው። «በሩ 80 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ከመግቢያው እስከ መኝታ ክፍሉ 4 ደረጃ አለ፤ መታጠቢያ ቤቱ መደገፊያ ብረት የለውም» የሚል መግለጫ ለተጓዡ ከመቶ «ምቹ» ይበልጥበታል። ደረጃ መኖሩን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ረዳት ይዞ ይሄዳል፣ ወይም ሌላ ማረፊያ ይፈልጋል። የሚጎዳው ከደረሰ በኋላ የሚያውቀው ነው።

አየር መንገዶች ይህን ከተረዱት ቆይተዋል። የተሽከርካሪ ወንበር ጥያቄን በሦስት ከፍለው ይመዘግባሉ፦ ደረጃ መውጣት የሚችል ነገር ግን ረጅም ርቀት መሄድ የማይችል፤ ደረጃ መውጣት የማይችል፤ እስከ መቀመጫው ድረስ መረዳት ያለበት። ለእያንዳንዱ የታወቀ ምልክት አለው። ብዙዎቹም ጥያቄው ከ48 ሰዓት በፊት እንዲደርሳቸው ያሳስባሉ። ሥርዓቱ ሁልጊዜ ያለ እንከን ይሠራል አልልም፤ ቢያንስ ግን ጥያቄው ከመንገዱ ይቀድማል። አንድ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል።

ሕግ አልጎደለንም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀውን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ኬንያና ዩጋንዳ በ2008፣ ኢትዮጵያ በ2010፣ ሶማሊያ በ2019 ተቀብለውታል። የስምምነቱ አንቀጽ 20 አካል ጉዳተኛው በመረጠው መንገድና ጊዜ፣ አቅሙ በሚፈቅደው ዋጋ ስለ መንቀሳቀሱ ይናገራል። «በመረጠው ጊዜ» የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ ሰው በተገኘ ጊዜ አላለም። በ2009 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየከተማው የተሠሩትን ሕንፃዎች ደጃፍ አንባቢ ራሱ ይመልከት።

«ድሆች ነን፤ ለዚህ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። የበርን ስፋት መለካት የሚጠይቀው አንድ ሜትር ነው። ራምፕ የሚባለው ተዳፋት መወጣጫም ቢሆን የታወቀ ስሌት አለው፤ 1 ለ12 ይባላል። ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መግቢያ 3 ሜትር ከ60 ርዝመት ያለው መወጣጫ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህ በግንባታው ጊዜ ከታሰበ ጥቂት ሲሚንቶ ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ማፍረስን ይጠይቃል። ድኻ አገር ሁለት ጊዜ የመሥራት አቅም የላትም።

«ላሊበላን ምን ልናደርገው ነው?» የሚሉም አጋጥመውኛል። ማንም ቋጥኙ ይጠረብ አላለም። ከአለት የተፈለፈሉት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ ሊጠበቁ ይገባል፤ ስምምነቱም በአንቀጽ 30 ስለ ቅርሶች ሲናገር «በተቻለ መጠን» ይላል። የተቻለው ምንድን ነው? ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ሆኖ እንደሚታይ፣ እስከዚያ የሚያደርሰው መሬት ምን እንደሚመስል፣ መኪና እስከ የት እንደሚጠጋ፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ ጠባብና ወጣ ገባ መሆኑን ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህን ያነበበ ሰው የሚችለውንና የማይችለውን ራሱ ይለያል። ዛሬ ግን «አንተ አትችልም» ብሎ የሚወስንለት ቦታውን በእርሱ ዓይን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም? ትኬት ቆራጩ ይጠይቅ፤ ሆቴሉ በሩን ይለካ፤ አስጎብኚው ደረጃውን ይቁጠር፤ መሐንዲሱ መወጣጫውን በንድፉ ያስገባ። እያንዳንዱ ድርሻውን ቢያነሣ ዛሬ በአንድ አላፊ አግዳሚ ጀርባ ላይ የሚጫነው ሸክም ይከፋፈላል። ያኔም ደግነታችን አይቀርም፤ መንገደኛውን ቡና ለመጋበዝና ለማጫወት ይተርፋል።