ለመማር ከቴፒ መልቀቅ ግዴታ አይሁን

ክረምቱ ወጥቶ የቡና ለቀማ ሲጀምር ቴፒ ሁለት እንግዶች ይመጡባታል፤ አንዱ ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው ለቃሚ፣ ሌላው ወባ። በዚያ ሰሞን ተረኛ ሆና የምታድር ነርስ የታማሚ ጣት ወግታ ደም ትመረምራለች፣ ትኩሳት ትለካለች፣ ልጅ ያዘለች እናት ታጽናናለች። ወባው ለጸናበት ሕፃን የአርቴሱኔት መርፌ ሲታዘዝም ሕፃኑን መዝና መጠኑን ታሰላለች፤ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 2.4። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 36 ሚሊግራም ይገባዋል ማለት ነው። ይህን ኃላፊነት በየጤና ተቋሙ ከተሸከሙት መካከል ብዙዎቹ ዲፕሎማ ነርሶች ናቸው።

እንዲህ ያለች ነርስ ደረጃ 4 ጨርሳ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፋ፣ ዓመታት አገልግላ ዲግሪ ልያዝ ስትል መንገዱ ይጠብባታል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በከተማችን ካምፓስ ቢኖረውም የጤና ትምህርቱ የሚሰጠው ሚዛን አማን ላይ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ፣ ልጅ ለምታሳድግና ሌሊቱን ሥራ ላይ ለምታድር ሴት ሩቅ ነው። ያላት ምርጫ ወይ ሥራዋን ትታ መሄድ፣ ወይ ባለችበት መቅረት ይሆናል። ሁለቱም ቴፒን እንደሚጎዱ ጋዜጣችን ያምናል።

የነርስ ትምህርት የሰው ሕይወት ያተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በ9 የአውሮፓ አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ በአንድ ሆስፒታል የዲግሪ ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ሲል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕሙማን በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። የአውሮፓ ሆስፒታልና የእኛ እኩል ባይሆኑም፣ የሕመምተኛው አካል አንድ ነው፤ መባባሱን ቀድሞ የሚያየውም አጠገቡ ያለችው ነርስ ናት።

«ሁሉም ልማር ካለ ማን ይሠራል? ዲግሪውን ሲይዙስ ወደ ትልቅ ከተማ አይሄዱም?» የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን ባሉበት ማስተማር ነው። በ1947 ዓ.ም ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ያፈራው ሠልጣኞቹን በየጤና ጣቢያው እያሰማራ ነበር። መምህራንም በየክረምቱ እየተማሩ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ተሸጋግረዋል። ለነርሶች የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የቴፒ ካምፓስ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራንና ቤተ ሙከራ አለው። ዩኒቨርሲቲው መሠረታዊ ትምህርቶቹን በቅዳሜና እሑድ እዚሁ ይስጥ፤ የተግባር ልምምዱ የሚቻለውን ያህል በቴፒ ጠቅላላ ሆስፒታል ይሁን፤ ሚዛን አማን ድረስ መጓዝ የሚያስፈልገው እዚህ ለማይሟላው ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ የክልሉ ጤና ቢሮ ተማሪዋ ነርስ ከሥራ በምትቀርባቸው ቀናት ተተኪ ይመድብ፤ እሷም በምላሹ ተመርቃ በአካባቢው ለማገልገል ውል ትግባ። ሦስተኛ፣ ትምህርቷን ስትጨርስ የሚመጥናት መደብና ደመወዝ በበጀት ተይዞ ይጠብቃት። ዲግሪ ይዛ በዲፕሎማ መደብ የምትቀመጥ ነርስ ከተማውን ብትለቅ የሚወቀሰው ማን ነው?

ጥራቱን በተመለከተ ማንም አቋራጭ አይጠይቅም። የመውጫ ፈተናውም የሙያ ፈቃድ ፈተናውም ለሌሎች ተመራቂዎች እንደሆነው ለእነዚህም ይሁን። ለዓመታት ሕመምተኛ ያስታመሙ ሰዎች ፈተና አይፈሩም፤ የሚፈልጉት ለመፈተን የሚያበቃቸውን በር ብቻ ነው።

በየዓመቱ ግንቦት 4 የነርሶች ቀን ሲከበር ብዙ ምስጋና ይነገራል። ዩኒቨርሲቲውና ጤና ቢሮው ከመጪው ግንቦት በፊት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ለቴፒ ነርሶች የትምህርት መርሐ ግብር እንዲያወጡ እንጠይቃለን።