«ካውንስለሯ ታውቃለች» ማለት ይብቃን

ኦገስት መጨረሻ ላይ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ያሉ የሃይስኩል ልጆቻችን የዓመቱ ስኬጁላቸው ይደርሳቸዋል። አንዲት ገጽ ናት፤ ፔሬዱ፣ የትምህርቱ ስም፣ የመምህሩ ስም፣ የክፍሉ ቁጥር። ብዙዎቻችን ይህችን ገጽ የምናያት ልጁ በስንት ሰዓት የት ክፍል እንደሚገባ የምትናገር ወረቀት አድርገን ነው፤ ስለዚህ አንብበን እንመልስለታለን። «ለምን ይሄ ክላስ ተሰጠው?» የሚል ሰው ቢመጣ መልሳችን ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ «ካውንስለሯ ታውቃለች።»

የምከራከረው ከዚህ መልስ ጋር ነው። ትሕትና ይመስላል፤ ልጆቻችንን ግን ይጎዳል። በጨዋነት ስም ስለሚነገርም በማኅበሩ፣ በዕድሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ማንም ደፍሮ አይነካውም።

ልማዱን ከየት እንዳመጣነው ይገባኛል። ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ የተማረ ሰው ትምህርትን ከዝርዝር መርጦ አያውቅም። 9ኛ «ሐ» ከተመደብክ 9ኛ «ሐ» ነህ፤ አንተ ዴስክህ ላይ ትቀመጣለህ፣ መምህራኑ ይፈራረቃሉ፣ ፊዚክሱንም ታሪኩንም ሁሉም እኩል ይማራል። ምርጫ የሚመጣው 11ኛ ክፍል ላይ ነው፤ እሱም ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ከማለት አያልፍም። ወላጅ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚረግጠው ልጁ ሲያጠፋ ነው። «ወላጅህን ይዘህ ና» ተብሎ ያደገ ሰው፣ ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ የልጁ ትምህርት ቤት ቢሮ ሲገባ እንደ ተከሳሽ አንገቱን ቢደፋ አይገርምም። ምክንያቱ ግን ጉዳቱን አያስቀርም።

በመጀመሪያ፣ ካውንስለሯ ምን ታውቃለች? የአሜሪካ የትምህርት ቤት ካውንስለሮች ማኅበር ለአንድ ካውንስለር ከ250 ተማሪ በላይ እንዳይሰጥ ይመክራል። በ2023-24 የትምህርት ዓመት የአገሪቱ አማካይ 376 ነበር። ያቺ ሴት የምረቃ ክሬዲት ትቆጥራለች፤ የኮሌጅ ማመልከቻ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ያለቀሰ ልጅ ታጽናናለች፤ ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ልጅ ሲመጣባት ሁሉን ጥላ ትሮጣለች። የእርስዎን ልጅ የምታውቀው በትራንስክሪፕቱ ነው። ሌሊት ቁጭ ብሎ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደሚጽፍ፣ ባለፈው ዓመት ውጤቱ የወረደው አያቱ ታመው ቤቱ ስለተናወጠ እንደሆነ ከወላጅ በቀር የሚነግራት የለም። ክፋት የለባትም፤ የቀረበላትን ታያለች፣ ያልቀረበላትን አታይም።

ሁለተኛ፣ ያቺ ገጽ የጊዜ ሰሌዳ ብቻ አይደለችም፤ በውስጧ ውሳኔ አለ። ሒሳብን እንውሰድ። አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ፤ እንደ ልማዱ በዓመት አንድ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። አልጀብራ 1ን 8ኛ ክፍል ላይ የጨረሰ ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ካልኩለስ ይማራል። 9ኛ ክፍል ላይ የጀመረው ልጅ ግን በሰመር ካልተማረ ወይም ሁለቱን ባንድ ዓመት ደርቦ ካልወሰደ ፕሪካልኩለስ ላይ ይቆማል። ኢንጂነሪንግ እማራለሁ የሚል ልጅ ካልኩለስ ጨርሰው ከመጡት ጋር የሚወዳደርበት ወረቀት ላይ ይህ ክፍተት ይታያል። ክፍተቱ የተፈጠረው ደግሞ ልጁ ገና 13 ዓመቱ ሳለ፣ አባቱ «ያውቃሉ» ብሎ ባለፈው አንድ መስመር ላይ ነው። ሳይንሱም እንግሊዝኛውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ 9ኛ ክፍል ላይ ኦነርስ (ከመደበኛው ከፍ ያለው ክፍል) ያልገባ ልጅ 11ኛ ላይ «ኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ ያለው ክላስ) ልግባ» ሲል መሠረቱ የለህም ይባላል።

ከሁሉ በላይ ግን ወላጆች ያልተነገረን አንድ አሠራር አለ፤ ቀስ ብዬ ላስረዳው። የሚቀጥለው ዓመት ትምህርት የሚመረጠው በአብዛኛው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። ልጁ ቅጹን ይሞላል፣ ወላጅ ይፈርማል ተብሎ ይታሰባል። ትምህርት ቤቱ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይቆጥራል፤ ኦነርስ ኬሚስትሪ ስንት ልጅ ጠየቀ? በቁጥሩ ልክ ክፍል ይከፈታል፣ መምህር ይመደባል። ብዙ ልጅ ከጠየቀ ሦስት ክፍል፣ ጥቂት ከጠየቀ አንድ። ኦገስት ላይ የነቃ ወላጅ ሄዶ ሲጠይቅ «ክፍሉ ሞልቷል» ይባላል፤ እውነትም ሞልቷል። የሞላው ግን ፌብሩዋሪ ላይ እኛ ስላልተቆጠርን ነው። የዝምታችን ዋጋ በዚህ መንገድ ከአንድ ቤት አልፎ ይሄዳል፤ አንድ ሰፈር ሙሉ ዝም ሲል ለሰፈሩ ልጆች የሚበቃ ክፍል ጭራሹን አይከፈትም። በሴፕቴምበር የሚሰጡት ጥቂት የመለወጫ ቀናት ደግሞ ባለቀ ሰሌዳ ላይ የተረፈ ወንበር መፈለጊያ ናቸው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ክላስ የጣለ ልጅ በብዙ ትምህርት ቤቶች ትራንስክሪፕቱ ላይ ማቋረጡ ይጻፍበታል።

በእነዚያ የመለወጫ ቀናት ውስጥ አንዲት ጎረቤቴን በመኪና አድርሼ አብሬያት ገባሁ። ከሥራ መምጣቷ ነው፤ ዩኒፎርሟን አልቀየረችም። 10ኛ ክፍል የምትገባው ልጇ በመሀል ተቀመጠች፤ ካውንስለሯም ፊቷን ወደ ልጅቷ አዙራ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ኦነርስ ኬሚስትሪ ለመግባት የመምህር ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ያለፈው ዓመት መምህሯ አልሰጣትም፤ ውጤቷ ግን ጥሩ ስለሆነ ወላጅ በኃላፊነት ከፈረመ ትገባለች፤ ቅጹ እስከ ዓርብ መመለስ አለበት። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረችና «ይሄኛው ይሻልሻል ነው የምትለው» አለች። እናትየው «እግዜር ይስጥልን በያት» ብላ ቦርሳዋን አነሣች።

ልጅቷ ላይ አልፈርድም። ጓደኞቿ መደበኛው ክፍል ናቸው፤ ኦነርሱ ያስፈራታል፤ ደክሟት የመጣች እናቷን ደግሞ ማስቸገር አልፈለገችም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስለራሷ ዕጣ በሚነገረው ነገር ላይ አስተርጓሚም፣ ባለጉዳይም፣ ወሳኝም አድርገን ያስቀመጥናት እኛው ነን። «ይቅርታ፣ አንዴ ይድገሙልን» ብዬ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ስመልሰው እናትየው ተመልሳ ተቀመጠች። ቅጹ እዚያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ስትፈርም እጇ እየተንቀጠቀጠ «ታዲያ ይሄን ማን ይነግረኛል?» አለችኝ።

ሕጉ ይነግራት ነበር። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገል ያዛል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1974 ውሳኔ፣ ላው እና ኒኮልስ የተባለው፣ ለማያውቁት ቋንቋ ያለ እርዳታ የተጣሉ ተማሪዎች እኩል ተማሩ እንደማይባል አጸና። የፌዴራል መንግሥት በ2015 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ ሲያስተረጉሙ በተማሪው ወይም በወንድም በእህቱ እንዳይተማመኑ በግልጽ ይናገር ነበር። ያ መመሪያ በ2025 ተሽሯል፤ ሕጉ ግን አልተሻረም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚያወጧቸውን ሰነዶች ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። አስተርጓሚ ይምጣልኝ ማለት እንግዲህ ውለታ መለመን አይደለም። ትምህርት ቤቶቹም አስተርጓሚ እያለ ልጅን መሀል የሚያስቀምጡት ስለሚቀላቸው ነው፤ እኛም ስለማንቃወም ቀጥለውበታል።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ አዲስ የሚመጡት ልጆች ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ባሕር ዳር 11ኛ ክፍል ተፈጥሮ ሳይንስ የጨረሰ ልጅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም ኬሚስትሪውንም በእንግሊዝኛ ነው የተማረው። እዚህ ሲደርስ የእንግሊዝኛ መለያ ፈተና ይቀመጣል፤ የአሜሪካኖቹ አነጋገር ፈጥኖበት ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣል፤ ከዚያ እንግሊዝኛው ዝቅ ስላለ ሒሳቡም ዝቅ ብሎ ይመደብለታል። ከሁለት ዓመት በፊት የጨረሰውን አልጀብራ እንደገና ይጀምራል። ቁጥር የሚያውቅ ልጅ በማያውቀው አገር፣ በሚያውቀው ትምህርት ተሰላችቶ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ መቅረት ይጀምራል። የአገር ቤት ትራንስክሪፕቱ ተተርጉሞ ክሬዲቱ እንዲያዝለት፣ የሒሳብ ደረጃው በሒሳብ ፈተና እንዲለካ የሚጠይቅ ሰው ካልኖረ ማንም አያስታውሰውም።

ጠይቁ ስል የምሰማው መልስ አለ። አንዱ «ልጁ ራሱ ይናገር፣ አድጓል» የሚለው ነው፤ ትምህርት ቤቶቹም ይወዱታል። ልጅ መናገር ይልመድ፤ እስማማለሁ። ግን ለምን እንደሚናገር ሳያውቅ ምን ይናገራል? መናገር የሚለምደውም ሲነገር አይቶ ነው። የሶሺዮሎጂ ምሁሯ አኔት ላሮ በ2003 ባሳተመችው ጥናት የመካከለኛው መደብ ወላጆች በትምህርት ቤት ጉዳይ እንደ መብታቸው ጣልቃ ሲገቡ፣ የሠራተኛው መደብ ወላጆች ግን ለባለሙያው ሲተዉ አሳይታለች። ሌላዋ የሶሺዮሎጂ ምሁር ጄሲካ ካላርኮ በ2018 መጽሐፏ ጨመረችበት፤ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ከወላጆቻቸው መጠየቅን ይማራሉ፣ የሌሎቹ መምህርን አለማስቸገርን ይማራሉ፣ መምህራኑም ለጠየቀው ይሰጣሉ። መጽሐፉን ሳነብ የኛን ቤት የጻፈችው ነው የመሰለኝ። ልጆቻችንን «መምህርህን አታስቸግር» ብለን ያሳደግናቸው በፍቅር ነው፤ ወንበሩ ግን ላስቸገረው ልጅ ተሰጠ።

ሌላው መልስ «ልጅ አታስጨንቁ» ነው። ይህንን አከብራለሁ። አምስት ኤፒ ተጭኖበት ሌሊቱን የሚያነጋ ልጅ በመካከላችን አለ፤ ዶክተር ትሆናለህ ተብሎ ሲገፋ ኖሮ ኮሌጅ ደጃፍ ላይ የወደቀም አለ። ነገር ግን መጠየቅ ማለት ወደ ላይ መግፋት ብቻ አይደለም። «ይህ ክላስ ከብዶታል፣ ሳይመሽ እናውጣው» ማለትም መጠየቅ ነው፤ ለዚህም ቀን ተቆርጦለታል፤ ይህንንም በዝምታ እናሳልፈዋለን። ልጁን ጠይቁ፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። ልጁን ሳይጠይቁ ኢሜይል የሚልኩ ወላጆችን አልደግፍም።

ትምህርት ቤቶቹንም ነጻ አላወጣም። የልጅ ዕድል በወላጁ ምላስ የሚወሰንበት አሠራር ፍትሐዊ አይደለም፤ ሊለወጥም ይችላል። ኖርዝ ካሮላይና በ2018፣ ቴክሳስ በ2023 ባወጧቸው ሕጎች በሒሳብ ፈተና ከፍ ያለ ውጤት ያመጣ ልጅ ማንም ሳይለምንለት ከፍ ያለው ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ቴክሳስ ላይ 5ኛ ክፍልን ከላይኛዎቹ 40 በመቶ ጋር የጨረሰ ማለት ነው። መናገር ያለበት «ልጄ አይግባ» የሚል ወላጅ ነው። ዝም ያለው ቤት ልጅ በዝምታው አይጎዳም። በየካውንቲያችን የትምህርት ቦርድ አባላት በምርጫ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ድምፃችንን ሊጠይቁ በየበዓላችን ሲመጡ እንጀራ አብልተን ፎቶ ተነሥተን እንሸኛቸዋለን። እንዲህ ያለ አሠራር እኛ ጋ ለምን እንደሌለ የጠየቃቸው ሰው ግን አላየሁም።

ያ እስኪሆን ድረስ ፌብሩዋሪ አይጠብቀንም። ከነዚሁ ሃይስኩሎች ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች አሉን፤ የቱ ክላስ ምን እንደሚከፍት ከማንም በላይ ያውቁታል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የትምህርት ዝርዝሩን ይዘው ከወላጆች ጋር ይቀመጡ። ለትምህርት ቤቱ የሚላከው ኢሜይል በአማርኛ ይጻፍ፤ መተርጎሙ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው። ረጅም መሆንም የለበትም፦ «ለሚቀጥለው ዓመት ለልጄ የተመረጠለት ሒሳብና ሳይንስ የትኛው ነው? ለምን እሱ ሆነ? ከፍ ያለው ክፍል እንዲገባ ምን ያስፈልጋል፣ የምፈርመው ቅጽ ካለ ላኩልኝ። የመለወጫው የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ ለቀጠሮውም የአማርኛ አስተርጓሚ ይገኝልኝ፤ ልጄ አያስተረጉምም።»