ሽቦ የሌለው ጥሪ

የነፋስ ስልክ ሰፈር ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው መሣሪያ ነው። ክፉ ዕጢም እንዲሁ ያለ ሽቦ ይጣራል። ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር እስካልበለጠ ድረስ ከአካባቢው እየሰረገ በሚደርሰው ምግብና አየር ይኖራል፤ ከዚያ በላይ ለመፋፋት ግን የደም ሥር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጥሪ የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮችን ይረጫል፤ ጎረቤት ያሉት የደም ሥሮችም ቅርንጫፍ እያወጡ ወደ እርሱ ያድጋሉ። ገላችን ጠላቱን በገዛ ደሙ ይቀልባል ማለት ነው።

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያቀርብ ብዙዎች ተጠራጠሩት። በ2004 ግን ጥሪውን የሚያፍነው ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ለአንጀት ነቀርሳ ተፈቀደ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ዕድገቱን ያዘገያል እንጂ በሽታውን ብቻውን ከሥሩ አይነቅልም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነቀርሳ በእጅ እስኪዳሰስ ካደገ ጥሪው መልስ ካገኘ ቆይቷል። «ካላመመኝ ሐኪም ቤት ምን አስኬደኝ» የሚለው ልማዳችን የሚጎዳን ስለዚህ ነው፤ ዕጢ ሲያድግ ሁልጊዜ ሕመም አያስቀድምምና። እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ ይህን የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ ቀጠሮ የማያከብር ተስፋ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።