የደመወዝ ግብር ማሻሻያው ለሠራተኛው ምን ያህል አተረፈለት?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሐምሌ 2017 ዓ.ም ያጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ለዘጠኝ ዓመታት ሳይነካ የቆየውን የደመወዝ ግብር ምጣኔ ቀይሮታል። በቀደመው አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነጻ የነበረው ወርኃዊ ደመወዝ 600 ብር ብቻ ነበር፤ አሁን 2 ሺህ ብር ደርሷል። ከዚያ በላይ እስከ 4 ሺህ ብር ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7 ሺህ ያለው 20፣ እስከ 10 ሺህ ያለው 25፣ እስከ 14 ሺህ ያለው 30፣ ከ14 ሺህ ብር የሚበልጠው ደግሞ 35 በመቶ ግብር ይከፈልበታል።

ብዙ ሠራተኞች ደመወዛቸው አድጎ ወደ ላይኛው እርከን ሲሻገሩ በእጃቸው የሚገባው ገንዘብ የሚቀንስ ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አይሠራም። ከፍ ያለው ምጣኔ የሚያርፈው የእርከኑን ወሰን ባለፈው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። ለምሳሌ 10 ሺህ ብር ደመወዝ ያለው ሰው ከመጀመሪያው 2 ሺህ ብር ላይ ምንም አይከፍልም። ከቀጣዩ 2 ሺህ 300 ብር፣ ከቀጣዩ 3 ሺህ 600 ብር፣ ከመጨረሻው 3 ሺህ ደግሞ 750 ብር፣ በድምሩ 1,650 ብር ይከፍላል። በቀድሞው ስሌት ይከፍል የነበረው 2,045 ብር ነበር፤ ማሻሻያው በወር 395 ብር አስቀርቶለታል።

እፎይታው ግን ጣሪያ አለው። ደመወዙ 14 ሺህ ብር የሆነ ሠራተኛ የሚያተርፈው 550 ብር ነው፤ 100 ሺህ ብር የሚከፈለውም ከዚህ የበለጠ አያገኝም። ስለዚህ ለውጡ ከደመወዝ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ የሚጠቅመው ዝቅተኛ ተከፋዩን ነው።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በአዲሱ ምጣኔ ሲሰላ ግብሩ ከ888 ወደ 2,100 ብር ያድጋል፤ 7 በመቶ የሆነው የጡረታ መዋጮም አብሮ ይጨምራል። ከ4,560 ብሩ ጭማሪ ለሠራተኛው የሚደርሰው 3,029 ብር ገደማ፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛው ነው። እርከኖቹ በብር መጠን የተወሰኑ በመሆናቸው፣ የኑሮ ውድነቱን ለመቋቋም የተጨመረ ደመወዝም ወደ ከፍተኛው ምጣኔ ይገፋል። በቀደመው አዋጅ ዘመን የ600 ብሩ ወሰን ትርጉም ያጣው በዚሁ መንገድ ነበር።

ግብሩን ቆርጦ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የማስገባት ግዴታ የአሠሪው ነው። ሆኖም ሠራተኛው የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን መመርመር ይኖርበታል። የትርፍ ሰዓት ክፍያና ጉርሻ ግብር የሚከፈልባቸው ሲሆኑ፣ አሠሪው የሚሸፍነው የሕክምና ወጪ እንዲሁም በመመሪያ በተወሰነው ልክ የሚከፈል የትራንስፖርትና የውሎ አበል ነጻ ናቸው። ነጻ መሆን ያለበት ከተደመረ ሠራተኛው ይጎዳል፤ መደመር ያለበት ከተዘለለ ደግሞ ኋላ ጥያቄ ይነሣል።

ቤት የሚያከራይ ደመወዝተኛ «ከደመወዜ ተቆርጧል» ብሎ ሊቀመጥ አይችልም። የሥራ ቅጥር ገቢ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» ስለሚስተናገዱ፣ የኪራይ ገቢውን ለብቻው አስታውቆ መክፈል አለበት።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ከክልል መንግሥት ሠራተኞችና ከግል ድርጅት ተቀጣሪዎች የሚሰበሰበው የሥራ ግብር የክልሎች ገቢ ነው። በደሴ ወይም በጎንደር ከአንድ የግል ድርጅት ሠራተኛ ላይ የተቆረጠ ግብር ለክልሉ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በጀት ይውላል ማለት ነው። ቆርጦ ገቢ የማያደርግ አሠሪ የሚያጎድለው የሕዝብን ገንዘብ ነውና፣ ስሌቱን የሚያውቅ ሠራተኛ ለራሱም ለክልሉም የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ነው።