ከመቁጠር በፊት ቃሉን መለየት

አንደኛው መቶ ከሆነ ሁለተኛው ሃምሳ፣ ሦስተኛው ሠላሳ ሦስት፣ አራተኛው ሃያ አምስት ይሆናል የሚለው አባባል ሰሞኑን በመኝታ ቤትም በመመገቢያ አዳራሽም እያከራከረን ነው። ይህ የዚፍ ሕግ የሚባለው ነው። ጆርጅ ዚፍ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጀርመንኛ መምህር የነበረ አሜሪካዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ቃላትም ከተሞችም በብዛታቸው ተራ ሲደረደሩ ይህን መልክ እንደሚይዙ አሳይቷል። ቀድመውት የነኩት አልጠፉም፤ ጀርመናዊው ፌሊክስ አወርባኽ በ1913 ስለ ከተሞች፣ ፈረንሳዊው የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ኤስቱ በ1916 ስለ ቃላት ጽፈው ነበር። ስሙ ግን ለዚፍ ቀረ።

ዚፍ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ የጄምስ ጆይስ «ዩሊሲስ» የተባለው ልብ ወለድ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ በተራው 10ኛ የሆነው ቃል 2,653 ጊዜ፣ 100ኛው 265 ጊዜ፣ 1,000ኛው 26 ጊዜ ይገኛል። ይህ የሚያስደንቅ መሆኑን እኔም አልክድም። ነገር ግን የሚያስደንቅ ሁሉ ሕግ ነውን?

እስቲ ከተሞችን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የአሜሪካ ቆጠራ ኒውዮርክ 8,804,190፣ ሎስ አንጀለስ 3,898,747፣ ቺካጎ 2,746,388 ሕዝብ ነበራቸው። ለግማሽና ለሲሶ ትንሽ ቢጎድሉም ይቀራረባሉ። ወደ አገራችን ስንመጣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551 ሆና ሳለ ሁለተኛዋ ድሬዳዋ 233,224 ብቻ ነበረች። ይህ ግማሽ ቀርቶ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም! መሥሪያ ቤቱም ፋብሪካውም ንግዱም አንድ ቦታ ሲከማች ሕዝቡም ይከተላል። (ምደባ ሲወጣ ሁላችንም የት እንዲደርሰን እንደምንመኝ መቼም የታወቀ ነው።) እንዲህ ዓይነቱን ብቻውን የገዘፈ ከተማ ማርክ ጀፈርሰን የተባለ የጂኦግራፊ ሊቅ በ1939 «የቀዳሚ ከተማ ሕግ» ብሎ ሰይሞታል። እንግዲህ ሁለት የማይስማሙ ነገሮች ሁለቱም ሕግ ተብለዋል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በዚያው ቆጠራ የድሬዳዋን ገጠር ቀበሌዎች ጨምረን አስተዳደሩን በሙሉ ብንይዝ ቁጥሩ 341,834 ይሆናል። ስለዚህ ወሰኑን የት እንዳሰመርን ሳንናገር «ድሬዳዋ ይህን ያህል ናት» ማለት አይቻልም። ቃልስ ወሰኑ የት ነው? የእኔም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

አንዳንድ የኮርስ ጓደኞቻችን፣ ጥቂት ቃላት አብዛኛውን ጽሑፍ የሚሸፍኑ ከሆነ ለአንደኛ ክፍል ልጆች እነዚያኑ መርጠን ብናስጠና ንባብ አለቀ ይላሉ። ይህ ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ሐሳብ ነው። በብራውን ዩኒቨርሲቲ ከ1961 የአሜሪካ ጽሑፎች ተለቅሞ በተቆጠረው አንድ ሚሊዮን ያህል ቃል ውስጥ አንደኛው «ዘ» 69,971 ጊዜ፣ ሁለተኛው «ኦቭ» 36,411 ጊዜ፣ ሦስተኛው «ኤንድ» 28,852 ጊዜ ይገኛሉ። ልጁ ሦስቱን በዓይኑ ከለየ በእርግጥ ብዙ መንገድ ሄዷል።

በአማርኛ ግን እነዚህ ሦስቱ የት አሉ? «የመምህሩና» የሚለውን ተመልከቱ። «የ» ፊት፣ የታወቀ መሆኑን የሚያመለክተው «ኡ» ከ«ር» ጋር ተዋህዶ፣ «ና» ከኋላ፤ ሦስቱም አንድ ቃል ውስጥ ገብተዋል። በባዶ ቦታ ወይም እንደ ጥንቱ በሁለት ነጥብ እየለየን ብንቆጥር አይታዩም። በአንጻሩ «ቤት»፣ «ቤቱ»፣ «ከቤታችን»፣ «ለቤቶቻቸው» አራት ልዩ ልዩ ቃላት ሆነው ይመዘገቡና የዝርዝሩን ጭራ ያረዝሙታል። በዚህ ዓይነት የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር ልጁን «ቤት» አስጠንቶ «ከቤታችን» ላይ ሲንተባተብ ቢያገኘው ሰነፍ ነው ሊለው ነው። ልጁ እኮ የተማረውን አልረሳም፤ ያልተማረውን ነው የተጠየቀው።

ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚመጣ ቃል ብዙ ቁም ነገር የያዘ ቃል አይደለም። በ«ዩሊሲስ» ካሉት 29,899 ልዩ ልዩ ቃላት ከግማሽ በላዩ የሚገኙት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለ ውሃ ስናስተምር «ነው» የሚለው ቃል ሃያ ጊዜ ይመጣል፣ «ትነት» ምናልባት ሁለቴ፤ ትምህርቱ ያለው ግን «ትነት» ላይ ነው።

ስለዚህ በማስተማር ልምምድ የምንሄድበትን ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ ይዘን፣ ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ እንቁጠረው እላለሁ። ሦስት አራት ሆነን ብንከፋፈለው በጥቂት ቅዳሜዎች ያልቃል። ከዚያ በፊት ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፦ «ስለማይመጡልን» ሲቆራረጥ ስንት ይሆናል? እኔ ስድስት አድርጌዋለሁ፣ የአልጋ ጎረቤቴ አራት ነው ይላል። የአማርኛ ክፍል መምህሮቻችን በሚቀጥለው ዕትም ቢያስረዱን።