ለችግኙ ከፈልን፤ ለውሃውስ?



ክረምት ሲገባ የሁላችንም ስልክ በችግኝ ፎቶ ይሞላል። ጀማዓው ይቆፍራል፣ ወጣቱ ይተክላል፣ ፎቶ ይነሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ነግሮናል። ማሻአላህ፤ ደስ ይላል። ጥያቄው ጥቅምት ላይ ይመጣል። ዝናቡ ሲያቆም ያንን ችግኝ ማን ያጠጣዋል? በማን ገንዘብ?

በየሰፈራችን አረንጓዴ ቦታ የሚጠፋው ተካይ ስለጠፋ አይመስለኝም። ለውሃና ለጠባቂ የሚሆን ቋሚ ገንዘብ ስለሌለ ነው። ለዚህ ደግሞ እኛ ሙስሊሞች የቆየ መፍትሔ አለን፤ ወቅፍ።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ኸይበር ላይ መሬት ባገኙ ጊዜ ምን ያድርጉበት ዘንድ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። የተመከሩት መሬቱን እንዳለ አቆይተው ፍሬውን እንዲሰድቁ ነበር። መሬቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ በስጦታም አይሰጥም፤ ምርቱ ግን ለድሃው፣ ለዘመዱ፣ ለመንገደኛው፣ ለእንግዳው ይውላል። የሚያስተዳድረው ሰውም በአግባቡ ከዚያው እንዲበላ ተፈቀደ። ይቺን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። ጠባቂው ድርሻ አለው ማለት ነው። እኛ ግን የሚያጠጣውን ሰው ዓመቱን ሙሉ በነጻ እንጠብቃለን፤ ሲሰለቸው ደግሞ እንወቅሰዋለን።

ለትልልቅ ፓርኮች ገንዘብ አይጠፋም። በ2011 በ«ገበታ ለሸገር» አንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። በ2016 ደግሞ ፓርላማው ለአረንጓዴ አሻራ ልዩ ፈንድ የሚያቋቁም አዋጅ አጽድቋል። ያ ገንዘብ ከመስጂዳችን ጀርባ ቆሻሻ ለሚደፋባት ቁራጭ መሬት ነገ ይደርሳል ብሎ መቀመጥ ግን የዋህነት ነው።

እስቲ እናስላው። 100 ወጣት በወር 50 ብር ቢያዋጣ 5,000 ብር፣ በዓመት 60,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ግማሹ በበጋ ለሚያጠጣ ሰው ይከፈል። ግማሹ ወለድ በሌለበት አካውንት ይጠራቀምና ኪራይ ለሚያስገኝ ነገር ይዋል፤ ብዙ መስጂዶች አጥራቸው ላይ እንዳሏቸው ሱቆች ማለት ነው። ዓመታት ይፈጃል። ግን አንዴ ከቆመ በየክረምቱ ሰው መለመን ይቀራል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ ይህ ከዘካ አይሆንም። የዘካ ተቀባዮች በቁርኣን የተወሰኑ ስምንት ወገኖች ናቸው፤ የአብዛኞቹ ዑለማዎች አቋምም ዘካ ለእንዲህ ዓይነት የጋራ ሥራ አይውልም የሚል ነው። ሁለተኛ፣ ለመስጂድ ግንባታ የተሰጠን ብር ወደ ችግኝ ማዞር አይቻልም፤ የሰጪው ኒያና ቅድመ ሁኔታ ይከበራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓላማው በወረቀት ተጽፎ፣ ለብቻው ይሰብሰብ፤ ገቢና ወጪውም በየወሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ውሃውን በተመለከተ ደግሞ አጠገባችን ያለውን እያፈሰስነው ነው። በየቀኑ አምስት ጊዜ ከውዱእ ቦታ የሚወርደው ውሃ የት ይሄዳል? በአብዛኛው ወደ ቱቦ። ዛፍ ለማጠጣት ምንም አይከለክለውም፤ አንድ ቦይ ቢቀደድለት ለወይራና ለዋንዛ ይበቃል። (ወይራ ካደገ መፋቂያውም ከራሳችን ግቢ ይሆናል።) ባሕር ዛፍ ግን ይቅርብን፤ ውሃ ይጠጣል።

አንድ የማይረሳ ነገር አለ፤ የመሬቱ ጉዳይ። ዛሬ በአፍ የተፈቀደ ቦታ ነገ መንገድ ሲሰፋ ይሄዳል፤ የወጣቱ ላብም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጪው ጁሙዓ ሶላት በኋላ አምስት ስድስት ልጆች ተሰባስባችሁ ቦታዋን እዩ፣ ስፋቷን ለኩ፣ ከኢማሙ ጋር ሆናችሁ ወረዳ ሂዱና በጽሑፍ ጠይቁ። ብሩ የሚሰበሰበው ደብዳቤው ከተገኘ በኋላ ነው።