የመልቀቂያ ደብዳቤው የሁላችንም ነው

ሰኞ ጠዋት በሬን የሚያንኳኳ ሠራተኛ በእጁ ፖስታ ከያዘ፣ ሳይነግረኝ አውቃለሁ። በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ ያንን ፖስታ ያውቀዋል። ውስጡ ያለው ደብዳቤ “በግል ምክንያት” ይላል። ምክንያቱን ስንጠይቀው ዓይኑን ከወለሉ አያነሣም። ሳምንት ሳይሞላ የገባበትን እንሰማለን፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለ ድርጅት ትንሽ ብር ጨምሮ ወስዶታል። እኛስ ምን እናደርጋለን? ስልክ አንሥተን ከሦስተኛው ድርጅት ሌላ ሰው እናስኮበልላለን። ሦስተኛውም ከአራተኛው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሌላው አራት ዓመት ያሠለጠነውን ሒሳብ ሠራተኛ በአንድ የምሳ ሰዓት አግባብቼ አምጥቻለሁ፤ በዚያ ቀን ጎበዝ የተባልኩ መስሎኝ ነበር። ልጁ ከእኔም ጋር ዓመት አልሞላም። ዛሬ ይህን የምጽፈው ሙያ ብለን የያዝነው መነጣጠቅ የትም እንደማያደርሰን ስላየሁ ነው። ለየብቻችን አንችለውም። በአንድነት ካልተነሣን ነገም ያው ፖስታ ይመጣል።

ኢኮኖሚው እያደገ እንደሆነ በየመድረኩ እንሰማለን፤ መንግሥት ለ2016 በጀት ዓመት ያስታወቀው ዕድገት 8.1 በመቶ ነው። ሕንፃውም መንገዱም ይታያል፣ አዲስ ድርጅት በየወሩ ማስታወቂያ ያወጣል። ሠራተኛው ግን ደመወዙን የሚለካው በጤፍ፣ በዘይት፣ በቤት ኪራይና በታክሲ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከእጥፍ በላይ ወጣ። የእኛ የደመወዝ ስኬል ግን ተጠንቶ፣ ለማኔጅመንት ቀርቦ፣ በቦርድ ጸድቆ እስኪወርድ ድረስ ገበያው ጥሎት ሄዷል። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማድረጉ መልካም ነው። ሆኖም የቤት ኪራይ የጨረሰውን ደመወዝ የግብር ቅናሽ ብቻውን አይመልሰውም።

ሐዋሳን እናስታውስ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች በሺዎች ሆነው የስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው ሪፖርት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር እንደነበር፣ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በየአሥራ ሁለት ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ እንደነበር ጻፈ። በሙሉ! የቀጠርነውን፣ መቀስ አያያዝ ያስተማርነውን፣ የጡረታ መለያ ቁጥር ያወጣንለትን ሰው ሁሉ በዓመቱ በሌላ መተካት ማለት ነው።

በዚያ ጊዜ ከሙያ ባልደረቦቼ አፍ ደጋግሜ የሰማሁት “የገጠር ልጆች ናቸው፣ የፋብሪካ ሥነ ሥርዓት አልለመዱም” የሚል ነበር። ይህን ያልን ሁሉ ተሳስተናል። ልጅቷ ሒሳቧን በደንብ ታውቃለች። ከሌሎች ጋር ለተከራየችው አንድ ክፍል ድርሻዋን ትከፍላለች፣ ትበላለች፣ ከማታ ፈረቃ ስትወጣ ጨለማውን ትፈራለች፣ ለእናቷ የምትልከው ግን አይተርፋትም። አገር ቤት ብትመለስ ቢያንስ ኪራይ የለባትም። ጓደኛዋ አረብ አገር ሄዳ ስትልክ ደግሞ ታያለች። እንዲህ ያለውን ስሌት በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መቀልበስ አይቻልም። አንድ ፋብሪካም ብቻውን አይቀለብሰውም፤ ደመወዝ ቢጨምር ጎረቤቱ በርካሽ ዋጋ ትዕዛዙን ይወስድበታል፣ መኝታ ቤት ልሥራ ቢል አቅም አይኖረውም። አሥር ፋብሪካ ሆኖ ግን ሕንፃ መከራየት ይቻላል። አሥር ፋብሪካ በጋራ አውቶቡስ ቢያሰማራ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ እስከ ደጃፏ ትደርሳለች። ያን ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ብንቀመጥ ኖሮ ስንቷ ልጅ ዛሬ የመስመር ተቆጣጣሪ በሆነች ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥሪዬ ይህ ነው። በየከተማችን፣ በየኢንዱስትሪ ፓርኩ የሰው ሀብት ኃላፊዎች በወር አንድ ጊዜ እንሰብሰብ። ሐዋሳ፣ ቦሌ ለሚ፣ ኮምቦልቻ፣ ደብረ ብርሃን፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ። አዳራሽም በጀትም አያስፈልግም፤ አንድ ሻይ ቤት ይበቃል። በዓመቱ ስንት ሰው እንደለቀቀን፣ ለምን እንደለቀቀ፣ ከቤቱ እስከ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚጓዝ ሳንደባበቅ እንነጋገር። የለቃቂ ሠራተኛ ቃለ መጠይቅ በየካዝናችን ተቆልፎ ለማንም አልጠቀመም።

ሁለተኛው የሚከብድ ነው፤ ቢሆንም እላለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ እያጠና የሚያሻሽል፣ መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ይናገራል። የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ይህን ሲጠብቅ ዓመታት ነጎዱ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ደጋግሞ ጠይቋል። የእኛ ድምፅ ግን አልተሰማም፤ የአሠሪው ወገን ነን ብለን ዝም አልን። አንድ የደመወዝ ወለል ቢኖር በሠራተኛ ጉሮሮ መወዳደር ይቀራል፣ ደህና የሚከፍል አሠሪም አይቀጣም። ይህን ለአሠሪዎቻችን በቁጥር አስደግፎ የሚያስረዳ ከእኛ የተሻለ ሰው የለም። አንድ ሠራተኛ ሲለቅ ለማስታወቂያ፣ ለፈተና፣ ለሥልጠናና በለማጅ እጅ ለሚበላሸው ሥራ የሚወጣውን አስልተን ለየማኔጅመንቱ እናቅርብ። አሥር ሰው አንድ ዓይነት ሰነድ ይዞ በአሥር ቢሮ ሲገባ ነገሩ የአንድ ኃላፊ ሐሳብ መሆኑ ያበቃል።

ባንክ ቤት ያላችሁ ደግሞ ጊዜ የላችሁም። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 በሩን ለውጭ ባንኮች ከፍቷል። የሚመጣው ባንክ የብድር ተንታኝ ከውጭ ጭኖ አይመጣም፤ እናንተ ያሠለጠናችሁትን ነው የሚጠራው። በሥልጠና ውል አስሮ ማስቀረት ለአንድ ዓመት ይሠራ ይሆናል። ከሠላሳ በላይ ባንኮች አንድ የጋራ ማሠልጠኛ አቋቁመው ወጪውን ቢካፈሉ ግን የሄደው ሰው ለማንም ኪሳራ አይሆንም፤ ከኋላው የሚተካው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

አሁን በገዛ እጃችን ስላለው ልናገር፤ ይህኛው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሥራ ልምድ ማስረጃ ለሠራተኛው በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። ስንቶቻችን ግን “ክሊራንስህን ጨርስ” እያልን ሰውን ከንብረት ክፍል ወደ ሒሳብ ክፍል፣ ከሒሳብ ወደ መዝገብ ቤት እያመላለስን አዲሱን ሥራ አስመልጠነዋል? አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ለዚህች ወረቀት ስትመላለስ፣ በመጨረሻም በሬ ላይ ቆማ ስታለቅስ አይቻለሁ። ወረቀቷ ሦስት መስመር ነበረች። ጽፌ ለመፈረም አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ከዚያ የባሰው ተያዥ ነው። ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ለሚገባ ሰው ዋስ መጠየቅ ምክንያት አለው። ዛሬ ግን ለተላላኪ፣ ለአስተናጋጅ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ ለወጣ ልጅ ሳይቀር ቋሚ ደመወዝ ያለው ተያዥ አምጣ እንላለን። ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ አዲስ አበባ አንድም ዘመድ የሌለው ልጅ ፈተናውን አንደኛ አልፎ በተያዥ ይወድቃል። ወይም ለማያውቀው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ተያዥ ይገዛል። ታዲያ ያ ፊርማ ማንን ያስተማምናል? ብር ለማይነካ የሥራ መደብ ሁሉ ተያዥ መጠየቅ እናቁም። አንድ ድርጅት ብቻውን ሲያቆም ሥራ አስኪያጁ ይደነግጣል፤ ሃያ ድርጅት በአንድ ወር ሲያቆም የሚደነግጥ አይኖርም።

“የእህቴን ልጅ አስገባልኝ” ለሚለውም ስልክ መድኃኒቱ ያው ነው። ብቻውን እምቢ ያለ ሰው ወንበሩን ያጣል፤ ሁላችንም በጽሑፍ ፈተናና በግልጽ ማስታወቂያ ብቻ እንደምንቀጥር ተፈራርመን ግድግዳችን ላይ ብንለጥፍ ግን የሚደውለውም ያፍራል፣ እኛም የምንደገፍበት ይኖረናል።

እህቶቼ ወንድሞቼ፣ ትልቁ ስብሰባ እስኪጠራ አትጠብቁ። በያላችሁበት መንደር ካለው ሦስት ድርጅት የሰው ሀብት ኃላፊዎቹን ስልክ ታውቃላችሁ፤ ሰው ለማስኮብለል ደውላችሁላቸው ይሆናል። ዛሬ ለሌላ ጉዳይ ደውሉ። ለመጪው ቅዳሜ ከሰዓት ቀጠሮ ያዙ፣ የዓመቱን የለቃቂዎች ዝርዝር ይዛችሁ ኑ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር፦ መሳቢያችሁን ክፈቱና ከቅጥር ፎርሙ ውስጥ የተያዥ ገጹን አውጡት።